የፉዌርቴስ የኢትዮጵያ አእዋፍና አራዊት አልበም፦ የአንድ ታላቅ ሠዓሊ የመጨረሻ ሥራ ሲገመገም

በ1930 በቺካጎ የሚገኘው ፊልድ ሙዚየም «የአቢሲኒያ አእዋፍና አጥቢ እንስሳት አልበም» ብሎ ያሳተመው ሥራ (ዓመታቱና ቀናቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንደ መጽሐፍ ተጠርዞ የቀረበ ሳይሆን፣ 32 ባለቀለም ሥዕሎች በተናጠል ወረቀት ታትመው ከአጭር መግቢያ ጋር በአንድ ማኅደር የተሰበሰቡበት ነው። ሠዓሊው አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ሲሆን፣ ሥዕሎቹን የሠራው ከ1926 እስከ 1927 በዘለቀ ጉዞ በኢትዮጵያ ምድር ከቅፍለት ጋር እየተንቀሳቀሰ፣ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ወረቀቱንና የውሃ ቀለሙን እየዘረጋ ነበር። አልበሙን በዲጂታል ቅጂውም በወረቀት ኅትመቱም ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ጉድለት የሌለበት ሥራ ነው አልልም፤ ጉድለቶቹን ከዚህ በታች በዝርዝር እጽፋቸዋለሁ። ሆኖም የአገራችንን የዱር እንስሳት በሥዕል ለማየት ለሚሻ ሰው ከዚህ አልበም የሚልቅ ሥራ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ምክንያቱም ፉዌርቴስ የሣለው «ጭላዳ» ወይም «ጭልፊት» የሚባለውን የወል ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያች ቀን በፊቱ የነበረውን አንዱን እንስሳ ነው።

ይህ ችሎታ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የሠዓሊውን ሕይወት ማወቅ ያስፈልጋል። ፉዌርቴስ የካቲት 7 ቀን 1874 በኒው ዮርክ ግዛት በኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤስቴቫን ፉዌርቴስ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን የሰየሙትም ከጥቂት ወራት በፊት በሞተው በታዋቂው የተፈጥሮ ሊቅ በሉዊስ አጋሲዝ ስም ነው። ልጁ ግን ስሙ ካወጣለት መንገድ ሳይወጣ፣ አባቱ የተመኙለትን የምህንድስና ሙያ ተወት አድርጎ በአእዋፍ ፍቅር አደገ። ገና ሕፃን ሳለ በኢታካ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የታዋቂውን የአሜሪካ አእዋፍ ሠዓሊ የኦዱቦንን ግዙፍ የአእዋፍ ሥዕሎች እየገለጠ ይመለከት ነበር፤ በ14 ዓመቱም ቀይ ወንድ ወፍ ከፊቱ አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም ሣለ። የዚያ ዓይነቱ ወፍ የላይኛውና የታችኛው መንቁሩ ጫፍ እንደ መቀስ የሚተላለፍ በመሆኑ ለጀማሪ እጅ ቀላል አልነበረም።

ሙያው የተቆረጠለት በ1894 ነው። የኮርኔል የመዘምራን ቡድን አባል ሆኖ ወደ ዋሽንግተን በሄደበት ጊዜ በዘመኑ እጅግ የተከበረውን የአእዋፍ ሊቅ ኤሊየት ካውዝን አገኘና ሥዕሎቹን አሳየው። ካውዝ ወጣቱን ከማበረታታት አልፎ በማግስቱ ዓመት በአሜሪካ የአእዋፍ ተመራማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ ሥዕሎቹ እንዲታዩለት አደረገ። ከዚያ በፊት ወፍ መሣል ለሀብታም ጊዜ ማሳለፊያ ወይም ለሳይንቲስት ትርፍ ሥራ እንጂ ቤተሰብ የሚያስተዳድር መተዳደሪያ መሆኑ ለብዙዎች የሚታሰብ አልነበረም። ፉዌርቴስ በ1897 ከኮርኔል ሲመረቅ ግን ሥዕሎቹ በመጻሕፍት መውጣት ጀምረው ነበር፤ ከዚያ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በብሩሹ ኖረ።

ከአስተማሪዎቹ ሁሉ ጥልቅ አሻራ የተወበት ሠዓሊው አቦት ቴየር ነው። ቴየር የእንስሳት ቀለም ከአካባቢያቸው ጋር እንዴት እንደሚያመሳስላቸው ያጠና ሰው ነበር። ብዙዎቹ እንስሳት ጀርባቸው የጠቆረ፣ ሆዳቸው የነጣ የሆነው ከላይ የሚወርደውን የፀሐይ ብርሃን ለማመጣጠንና ሰውነታቸውን ጠፍጣፋ አስመስሎ ከዓይን ለመሰወር መሆኑን ያስረዳ እርሱ ነው። ለፉዌርቴስ ይህ ትምህርት ያስገኘለት ጥቅም በአልበሙ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ነጭ ላባ በእርሱ ሥዕል ላይ ባዶ ወረቀት ሆኖ አይቀርም፤ በጥላ በኩል ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፣ ከመሬት በሚያንጸባርቀው ብርሃን ደግሞ ይሞቃል። ጥቁር ላባም እንዲሁ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያልቅ አይደለም። ብዙ የአእዋፍ ሠዓሊዎች ላባን አንድ በአንድ ቆጥረው ሣሉ፤ ፉዌርቴስ ግን በላባው ሥር ያለውን ሥጋና አጥንት፣ በላዩም ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አብሮ ሣለ።

በ1899 ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ ባለሀብቱ ሃሪማን ወደ አላስካ ባሰናዳው ታላቅ የምርምር ጉዞ ተካፈለ። በዚያች መርከብ ላይ እንደ ጆን ሙር ያሉ ስመ ጥር የተፈጥሮ ጸሐፊዎችና ሳይንቲስቶች አብረውት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ ከሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ ከፍራንክ ቻፕማን ጋር ወደ ባሃማስ፣ ወደ ካናዳ ተራሮች፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ኮሎምቢያ ተጓዘ። ከ1911 የኮሎምቢያ ጉዞ በኋላ ቻፕማን አንዲት ያልታወቀች ትንሽ በቀቀን በስሙ ሰይሞለታል፤ በቀቀኗ ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሳትታይ ኖራ በ2002 እንደገና ተገኝታለች። የኒው ዮርክና የማሳቹሴትስ ግዛቶች ያሳተሟቸው ትላልቅ የአእዋፍ መጻሕፍት በእርሱ ሥዕሎች የተዋቡ ናቸው፤ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የወጡት ሥዕሎቹም በብዙ ቤት ገብተዋል። ከሁሉ የበለጠ ሕዝብ ጋር የደረሱት ግን በቤኪንግ ሶዳ ካርቶን ውስጥ እየተደረጉ በነጻ የሚታደሉት ትንንሽ የወፍ ካርዶች ናቸው። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታላቅ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ ሥራው ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ሁሉ እንዲገባ አላፈረም፣ አልበሙንም የምመዝነው ለሕዝብ በመድረሱ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያው ጉዞ እንመለስ። ጉዞውን ያሰናዱት ፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ በጋራ ሲሆኑ፣ መሪው የሙዚየሙ የእንስሳት ሳይንስ ኃላፊ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበር። ከፉዌርቴስ በተጨማሪ ተመራማሪው አልፍሬድ ቤይሊ፣ ጋዜጠኛው ጃክ ባውምና ባለሀብቱ ሰይደም ከቲንግ አብረው ነበሩ። ከጅቡቲ በምድር ባቡር አዲስ አበባ ገቡ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በነገሡበት በዚያ ዘመን አልጋ ወራሽና ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሯቸው፣ የሚጓዙበትንም ፈቃድ ሰጧቸው። ከዚያ በአርሲ ተራሮች፣ ኋላም በጎጃምና በጣና ዙሪያ አልፈው በጎንደር በኩል ወደ ሱዳን ወጡ። የዚያ ዘመን ጉዞ በበቅሎ፣ በጫኝና በአጋሰስ የሚካሄድ ስለሆነ ሠዓሊው በየሰፈሩ የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው፤ ይህም ለሥዕሎቹ ጠቀማቸው ብዬ አምናለሁ።

የሥራው አካሄድ ይህን ይመስል ነበር። ወፏ ታድና ስትመጣ ፉዌርቴስ ቆዳዋ ሳይገፈፍ፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን፣ ቀለሟን ይይዛል። የሙዚየም ሰው ቆዳውን ገፎ፣ አድርቆና ጥጥ ሞልቶ ቢያስቀምጠው ላባው መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የዓይን ቀለም፣ የመንቁር ሥር ልስላሴ፣ የእግር ቆዳ፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ባዶ ቆዳ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠፋሉ። በደን ዳር የምትታየውን ሶሪት የምታውቁ ሰዎች በዓይኗ ዙሪያ ያለችውን ደማቅ ቀይ ቀለበት ታስታውሳላችሁ፤ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ግን ያቺ ቀለበት ጠቁራና ደርቃ ነው የምትገኘው። ስለዚህ የፉዌርቴስ ሥዕል ለሳይንስ ጌጥ ሳይሆን ማስረጃ ነበር፤ ከወፏ ሞት በኋላ የሚጠፋውን ነገር ከመጥፋቱ በፊት የሚመዘግብ ሌላ መሣሪያ አልነበረም። ባለቀለም የፎቶግራፍ ፊልም ለመስክ ሥራ የሚመች ሆኖ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በአልበሙ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሜ የማወጣው የጢማሙን ጥንብ አንሳ ሥዕል ነው። ይህ አጥንት ከከፍታ እየለቀቀ በቋጥኝ ላይ የሚሰባብረው ታላቅ አሞራ ከመንቁሩ ሥር የሚንጠለጠል ጥቁር ጢም አለው፤ ፈዛዛውን ዓይኑንም ደማቅ ቀይ ቀለበት ይከብበዋል። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ይህን ፊት የቁጣና የአስፈሪነት ምልክት ለማድረግ ይቸኩል ነበር። ፉዌርቴስ ግን ዓይኑን በትክክለኛ ቦታው፣ በትክክለኛ መጠኑ አስቀምጦ የቀረውን ለተመልካቹ ተወው። አንገትና ደረቱ ላይ ያለው የዝገት መልክ ያለው ቀለም አሞራው ራሱ ብረት ያለበትን አፈርና ጭቃ በላባው ላይ በመቀባት የሚያመጣው እንጂ አብሮት የተፈጠረ አይደለም። በሥዕሉ ላይ ይህ ቀለም ከላባው ጋር የተዋሐደ ሳይሆን በላዩ ላይ ያረፈ ሆኖ ይታያል። ሰማይን ብቻ ሳይሆን አፈርን የሚያውቅ አሞራ መሆኑን ከቀለሙ አያያዝ መረዳት ይቻላል።

የጭላዳው ሥዕል ሌላው ታላቅ ሥራ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኝ ስለሆነ፣ ከፉዌርቴስ በፊት የሣሉት የውጭ አገር ሠዓሊዎች ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ቆዳ ወይም በአራዊት ማቆያ ከታሰረ እንስሳ ነበር የሚቀዱት። ውጤቱም የተለመደ ዝንጀሮ ላይ የአንበሳ ጋማ የተጫነበት የሚመስል ነበር። ስሜን ተራሮች ላይ ወይም በደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳን ቁጭ ብሎ የተመለከተ ሰው የፉዌርቴስን ሥዕል ሲያይ ወዲያው ያምነዋል። የአፍንጫው አጠርና ቀለስ ማለት፣ ከዓይኖቹ በላይ ያለው ፈዘዝ ያለ ቆዳ፣ ጋማው በነፋስ ሲነሣ የሚኖረው ክብደት፣ ሁሉም በልኩ ነው። አእዋፍን በመሣል የታወቀ ሰው ጡት አጥቢ እንስሳን እንዲህ አድርጎ መሣሉ ያስደንቃል፤ እኔ እንዲያውም በአልበሙ ውስጥ ያሉት አጥቢ እንስሳት ከአንዳንዶቹ ወፎች ይበልጣሉ እላለሁ።

ቀይ ቀበሮውም የዚህ ምስክር ነው። ረጅምና ቀጭን አፉ፣ ሹል ጆሮዎቹ፣ የዝገት ቀይ የሆነው ጠጉሩና በጉሮሮው ያለው ነጭ እርስ በርስ የሚገናኙበትን ቦታ ፉዌርቴስ በእጅጉ ተጠንቅቆ ሠርቶታል። ዛሬ በባሌና በሌሎች ጥቂት ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የቀረው ይህ እንስሳ አዋቂዎቹ በአጠቃላይ ከ500 የማይበልጡ መሆናቸው ይገመታል፤ ፍልፈል አዳኝ ሆኖ የሚኖርበት ሜዳ በእርሻና በግጦሽ እየጠበበ፣ ከቤት ውሾች የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታም እየፈጀው ነው። በ1927 ሥዕሉን ያየ ሰው እንግዳ አውሬ አይቶ ይሆናል፤ በዛሬ ዓይን ግን ሥዕሉ የሚጠይቀን ነገር ከባድ ነው። ይህን ክብደት ሠዓሊው ያሰበው አይደለም፤ ነገር ግን እንስሳውን በዚህ ትክክለኛነት ባይሥለው ኖሮ ሥዕሉም አይጠይቀንም ነበር።

በመንገድ ዳር በባሕር ዛፍ ጫፍና በስልክ ምሰሶ ላይ ዘወትር የምናየው ትልቁ የደጋ ጭልፊትም በአልበሙ ይገኛል። የሥዕሉ ጥራት መልካም ቢሆንም ከላይ ካነሣኋቸው ጋር አላስተካክለውም፤ ትንሽ ቸኩሎ የተሠራ ይመስለኛል።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ የመጀመሪያው የመልክዓ ምድር አለመኖር ነው። ሥዕሎቹ በመሠረቱ የሜዳ ጥናቶች በመሆናቸው አብዛኞቹ ከጀርባቸው ባዶ ወይም በጥቂት የብሩሽ ምት የተጠቆመ ነገር ብቻ ነው ያላቸው። ሠዓሊው ጊዜ አግኝቶ ቢሆን ወደ ቤቱ ሲመለስ ከእነዚህ ጥናቶች ተነሥቶ ሙሉ ሥዕሎችን ይሠራ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ለምን እንዳልሠራ ከዚህ በታች እመጣበታለሁ። አስታን፣ ጅብራን፣ የገደሉን ጭጋግ፣ የጣናን ደንገል የሚያውቅ አንባቢ ግን ጢማሙ አሞራ የሚያንዣብብበትን አገር አብሮ ለማየት መመኘቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ጉድለት የሠዓሊው ሳይሆን የአሳታሚው ነው፤ እኔንም ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። በአልበሙ ውስጥ እንስሳቱ በእንግሊዝኛና በሳይንሳዊ ስማቸው ተጠርተዋል፤ እንስሳቱ የሚኖሩበት አገር ሕዝብ የሚጠራቸው ስም ግን ቦታ አላገኘም። ቅፍለቱን ይዘው የሄዱት፣ አሞራው የት እንደሚያድር የሚያውቁት፣ ጭላዳው በየትኛው ገደል እንደሚውል መንገድ ያሳዩት ኢትዮጵያውያንም በሥዕሎቹ ዙሪያ በስም አይታወሱም። ጉዞው ያለ እነርሱ አንድ ቀን እንኳ ሊራመድ አይችልም ነበር። የዚያ ዘመን የምርምር ጉዞዎች ሁሉ እንዲህ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ይህ ግን ዛሬ አልበሙን በአዲስ መልክ ለማሳተም የሚነሣ ሰው ካለ ጉድለቱን ከመሙላት ነጻ አያደርገውም። በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የአማርኛው፣ የኦሮምኛውና የሌሎቹ ቋንቋዎች ስም ቢገባበት አልበሙ ሌላ ሕይወት ያገኛል።

ሦስተኛው አንባቢዎች ማወቅ ያለባቸው ነገር በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ያለው ሕይወት በሞት የተገኘ መሆኑ ነው። ፉዌርቴስ ራሱ የተዋጣለት አዳኝ ነበር፤ ወፉን አስቀድሞ በዱር በሕይወት ይመለከተዋል፣ አኳኋኑን በአእምሮው ይይዛል፣ ከዚያም ገድሎ ቀለሙን ይመዘግባል። በዘመኑ ሙዚየም የሚሞላው በዚህ መንገድ ነበር፤ ጥሩ መነጽርና ጥሩ ካሜራ ባለበት በዛሬው ጊዜ የሚሠራ ሠዓሊ ግን በዚህ መንገድ መሄድ የለበትም። ይህን በግልጽ መናገር የሠዓሊውን ክብር አይቀንስም፤ ፉዌርቴስ ወፍን በማየት ብቻ በትዝታ አኳኋኑን መልሶ መሣል የሚችል ሰው እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ መስክረውለታልና፣ በዛሬ ዘመን ቢኖር መነጽሩ ይበቃው ነበር።

ሥዕሎቹ ለምን በጥናት ደረጃ ቀሩ? ፉዌርቴስ በ1927 ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ነሐሴ 22 ቀን፣ ከባለቤቱ ከማርጋሬት ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ሥዕሎች ለወዳጁ ለፍራንክ ቻፕማን ሊያሳይ ወደ ታነርስቪል ሄደ። ቻፕማን ሥዕሎቹን አይቶ ተደነቀ። በመመለሻው መንገድ ላይ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በኡናዲላ አጠገብ፣ የተከመረ ድርቆሽ የባቡሩን ሐዲድ ጋርዶት መኪናው ሐዲዱን ሲያቋርጥ ባቡር ገጨው። ፉዌርቴስ ወዲያው ሞተ፤ ዕድሜው 53 ነበር። ባለቤቱ ክፉኛ ቆሰለች። በመኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ተወርውረው ከአደጋው ውጭ ስለወደቁ ጉዳት ሳይደርስባቸው ተገኙ። የጉዞው ባልደረባ ሰይደም ከቲንግ ሥዕሎቹን ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም ሰጠ፤ ሙዚየሙም ከመካከላቸው 32ቱን መርጦ ከሦስት ዓመት በኋላ በአልበም አወጣቸው። ሠዓሊውን ተቀብለው ያነጋገሩት ራስ ተፈሪ በዚያው በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ስለዚህ አልበሙን ስንገመግም ያለቀ ሥራ እንደሆነ አድርገን መመዘን የለብንም። ነገር ግን እኔ በግሌ ሳይጨረስ መቅረቱ ጎድቶታል አልልም። ፉዌርቴስ ለመጻሕፍት በትእዛዝ የሠራቸውን ሥዕሎች ስመለከት አንዳንዶቹ ብዙ ዓይነት ወፎችን በአንድ ገጽ ለማስገባት ሲባል የተጨናነቁ ናቸው፤ ይህን የጠየቀው አሳታሚው ነው። በኢትዮጵያው ጉዞ ግን እንዲህ አድርግ የሚለው አልነበረም። በፊቱ ያለውን እንስሳ ብቻ እየተመለከተ ስለሣለ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያካበተው እውቀት በነጻነት የወጣው በዚህ ነው። ብዙ የሥዕሉ አዋቂዎች የኢትዮጵያውን ሥራ የሕይወቱ ቁንጮ አድርገው ያዩታል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

የእርሱ እጅ በተከታዮቹም ላይ ቀጥሏል። በ1916 የበጋ ወራት ወደ እርሱ ዘንድ እየመጣ ይማር የነበረው ወጣት ጆርጅ ሚክሽ ሰተን ኋላ ታዋቂ የአእዋፍ ሊቅና ሠዓሊ ሆነ። በ1934 ባሳተመው የወፍ መለያ መጽሐፍ ዓለምን ያዳረሰው ሮጀር ቶሪ ፒተርሰንም በ1925 በወጣትነቱ በኒው ዮርክ ጉባኤ ላይ አግኝቶት ነበር፤ ፉዌርቴስ ለማያውቀው ወጣት ከብሩሾቹ አንዱን ሰጠው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የሚሆኑትን የወፍ ዓይነቶች ለማየት መለያ መጽሐፍ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ ከዚህ የሙያ ሐረግ ይጠቀማል።

አልበሙን ለማግኘት የሚሻ ሰው ሦስት አማራጭ አለው። የመጀመሪያውና ለአብዛኞቻችን የሚበቃው፣ በብዝኃ ሕይወት ቅርስ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚገኘው ቅጂ ነው። ገጾቹ ሳይቆራረጡ ተነሥተዋል፤ ሆኖም የአሮጌው ወረቀት ቢጫነት አብሮ ስለተነሣ ነጩ ላባ ከመጀመሪያው ይልቅ ሞቅ ብሎ ይታያል። ለመምህራን ይህን ቅጂ አጥብቄ እመክራለሁ፤ አንድ የጭላዳ ሥዕል በክፍል ግድግዳ ላይ በትልቁ ቢለጠፍ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ የተሻለ ያስተምራል።

ሁለተኛው በየድረ ገጹ የሚሸጠው ዘመናዊ ቅጂ ነው። እኔ ከአንድ ሻጭ ያዘዝሁት የጢማሙ አሞራ ሥዕል በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ከዝቅተኛ ጥራት ምስል የታተመ በመሆኑ፣ የዓይኑ ቀይ ቀለበት ወደ ብርቱካንማ ተለውጦ፣ የጢሙ ጠጉሮችም እርስ በርስ ተጣብቀው ደረሰኝ። ለዚህ ሥዕል ይህ ከባድ በደል ነው፤ ሠዓሊው በጥቂት ሰዓታት ሊጠፋ የነበረውን ቀለም ለመያዝ ነውና የለፋው። ከነጻው ቅጂ በከፍተኛ ጥራት አውርዶ፣ በማያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት በአቅራቢያ ባለ ጥሩ ማተሚያ ቤት ማሳተም በዋጋም በጥራትም ይሻላል።

ሦስተኛው የ1930ው ኅትመት ራሱ ነው። በአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ አሁንም ይገኛል፤ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከሌላው ቀድመው የሚያገኙት ይመስለኛል። ቀለሙ ከሁለቱም አማራጮች ይበልጣል፤ በተለይ ቀይ ቀበሮው በወረቀት ላይ ሲታይ በስክሪን የማይገኝ ለስላሳነት አለው። ሥዕሎቹ ያልተጠረዙ በመሆናቸው ግን ብዙ ነጋዴዎች ስብስቡን በታትነው የታወቁትን አንድ በአንድ ለክፈፍ ይሸጣሉ፣ የቀሩትንም ሙሉ አልበም አስመስለው ያቀርባሉ። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት 32ቱም መኖራቸውን፣ መግቢያው አብሮ መሆኑን፣ ወረቀቱ ቡናማ ነጠብጣብ እንዳላወጣ በፎቶግራፍ አንድ በአንድ እንዲያሳዩ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጭላዳውና ጢማሙ አሞራ ከጎደሉም ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ እንዲገዛ አልመክርም።